ቤት ወይስ ወጥመድ?

የጡረታ ክፍያ በሚደርስበት ሰሞን የባንክ አዳራሽ ሌላ መልክ ይይዛል። ከዘራዎች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ካፖርት የደረቡ አዛውንቶች ተራቸውን እየጠበቁ የድሮውን ያወጋሉ። እንዲህ ባለ አንድ ቀን፣ ቀድሞ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አባት ከመስኮቴ ፊት ቆመው ገንዘባቸውን ቆጥሬ እስክሰጣቸው ሲጠብቁ፣ ከጎኔ ገልጬ የተውኩት መጽሔት ላይ ዓይናቸው አረፈ። በገጹ ላይ ከባሕር ወለል የተኛ መርከብ ፎቶግራፍ ነበረ። ብረቱን ሣር መሳይ ነገር አልብሶታል፤ ዓሣዎች በመስኮቶቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

‹‹ምጽዋም እንዲህ ያለ ነበረን፣ ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ጣሊያን ሲሸነፍ ያሰጠማቸው መርከቦች። ዓሣ የፈለገ ሰው ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ሌላው ቦታ ሲነጥፍ እዚያ አይታጣም ነበር።››

‹‹ዓሣዎቹ እዚያው ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው፣ አባባ? ወይስ ከሌላ ቦታ የመጡ?››

ሳቁብኝ። ‹‹እሱን ማን ይጠይቃል! እኛ የምናውቀው መረቡ መሙላቱን ነው።››

ብራቸውን ቆጥረው፣ መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ግን ጥያቄዬንም መልሳቸውንም ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ያቺ በቀልድ የታለፈች ጥያቄ የባሕር ሳይንቲስቶችን ለአሥርት ዓመታት ስታከራክር የኖረች ጥያቄ ሆና አገኘኋት። ዛሬ ስለ እሷ የሚሰማኝን ልጽፍ ነው። አገሬ የባሕር በር የላትም፤ እኔም የባሕር ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ጥያቄዋ በመሠረቱ የሒሳብ ጥያቄ ናት፤ ሒሳብ ደግሞ እንጀራዬ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አስቀድሜ የሽማግሌውን መርከቦች ልጨርስ። በኤፕሪል 1941 የእንግሊዝ ጦር ምጽዋን ሊይዝ ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች ወደቡን ለጠላት ላለማስረከብ በርካታ መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰጠሙ። ከፊሎቹን በ1942 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ የመራው ቡድን ከውኃው አወጣቸው፤ ሌሎቹ ግን በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ እንደ ተኙ ቀሩ። ያሰጠማቸው ሰው ስለ ዓሣ አላሰበም። ባሕሩ ግን የተሰጠውን አልናቀም፤ የጦርነትን ውድማ ወስዶ ሠፈር አደረገው።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት ረቂቅ አይደለም። ለጥ ያለ አሸዋማ የባሕር ወለል ለአብዛኛው ዓሣ እንደ በረሃ ነው፤ ጥላ የለው፣ መሸሸጊያ የለው፣ የሚጨበጥ ነገር የለው። በውኃው ውስጥ ግን ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ እጮች፣ የኮራሉ፣ የስፖንጁ፣ የቀንድ አውጣው ዘር፣ የሚያርፉበት ጠንካራ ነገር ፍለጋ ከሞገዱ ጋር ይንከራተታሉ። ድንጋይ ወይም ብረት ሲያገኙ ይጣበቁበታል። አልጌ ያለብሰዋል፤ አልጌውን የሚበላው ይመጣል፤ ያንን የሚበላው ይከተላል። ጉድጓዱ ትንሹን ዓሣ ከትልቁ ይሸሽጋል፤ ከፍታው የውኃውን ፍሰት እየሰበረ ምግብ ያዞርለታል። ባሕረኞች ‹ሪፍ› የሚሉት ይህንን ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ ሕይወት የሚሸከም አለት ነው። ሰው አስቦ ሲሠራው ‹ሰው ሠራሽ ሪፍ› ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓናውያን ዓሣ ለመሰብሰብ ከባሕር ውስጥ ድንጋይ መከመር የጀመሩት ከዘመናት በፊት ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ዳርቻ፣ ግንድ ለግንድ አስረው በሚሠሩት ታንኳ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፣ ትልልቆቹ ሞተር ጀልባዎች የባሕራቸውን ወለል እየጠረጉ ባስቸገሯቸው ጊዜ፣ በ1980ዎቹ ከየመንደሩ ገንዘብ አዋጥተው የኮኮናት ጉቶ፣ ድንጋይና የሲሚንቶ ቀለበት እየጫኑ ወደ ውኃው አወረዱ። የእነዚህን ሰዎች ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሪፍ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። መልካም ሥራ የሚሆነው ሁለት ጥያቄዎችን ሲያልፍ ነው። አንደኛው፣ የተሠራው ለዓሣው ነው ወይስ የማንፈልገውን ለመጣል? ሁለተኛው፣ ከቆመ በኋላ የምንቆጥረው የተወለደውን ነው ወይስ የተሰበሰበውን? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ያልተመዘነ ሪፍ፣ ስሙ ቤት ሆኖ ግብሩ ወጥመድ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ፎርት ላውደርዴል ከምትባለው ከተማ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ1972 ኦዝቦርን ሪፍ የተባለ ሥራ ተጀመረ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አሮጌ የመኪና ጎማ እየታሰረ ከባሕሩ ተጣለ። ጎማ መጣያ ያጣ ከተማ ነበር፤ ዓሣ የሚሻ ባሕርም ነበር፤ ሁለቱን ማጋባት እንደ ጥበብ ታየ። በጎ ፈቃደኞች ጀልባቸውን ይዘው ወጡ። ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ በወርቅ ቀለም የተቀባ ጎማ በአየር መርከቡ አምጥቶ በመጣል በዓሉን አደመቀው።

ቀጥሎ የሆነውን ለመገመት የባሕር ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጎማ ቀላል ነው፤ ጎማ ይተጣጠፋል። ጎማዎቹን ያሰረው ብረት በጨው ውኃ ተበላ፤ ናይለኑም ተበጠሰ። ማሰሪያው ሲለቅ በእያንዳንዱ አውሎ ነፋስ ጎማዎቹ ከወለሉ ተነሥተው ይንከባለሉ ጀመር። በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሕይወት ሥር አይሰድም፤ ስለዚህ ባዷቸውን ቀሩ። ይህም ሳያንስ፣ አጠገባቸው ከነበረው የተፈጥሮ ኮራል ጋር እየተጋጩ ዘመናት የገነቡትን አለት ፈጩት። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ጠላቂ ዋናተኞች ለሥልጠና እየመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ70,000 በላይ ጎማዎችን አወጡ፤ ሥራው ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። በፈረንሳይም፣ በቫሎሪስ ከተማ ዳርቻ፣ በ1980ዎቹ ከተጣሉት 25,000 ያህል ጎማዎች የመጀመሪያዎቹን ማውጣት የተጀመረው በ2015 ነው። ለመጣል ቀላል፣ ለማውጣት ከባድ፤ የዕዳ ጠባይ እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኦዝቦርንን የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለበጎ ነው ብለው ነበር። ጥፋታቸው ሌላ ነው፤ ‹‹ዓሣ ምን ይፈልጋል?›› ብለው አልጀመሩም። የጀመሩት ‹‹ይህን ጎማ የት እናድርሰው?›› ብለው ነው። መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። እኛስ ብንሆን ያረጀ ልብሳችንን ለድኻ ስንሰጥ፣ ስንት ጊዜ ነው ቁምሳጥናችንን እያጸዳን ‹ምጽዋት› ያልነው? ምጽዋት የሚባለው ተቀባዩ ሲጠቀም እንጂ ሰጪው ሲገላገል አይደለም።

በአንጻሩ፣ ያረጀ ነገር ሁሉ ለባሕር መርዝ ነው ማለትም አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ ያረጁ የምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎዎቹን ከ2001 እስከ 2010 ድረስ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከኒው ጀርሲ እስከ ጆርጂያ ባሉ ውኃዎች አሰጥሟል፤ ቁጥራቸው ከ2,500 በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ ‹ቀይ ወፎች› የሚባሉት፣ ከወፍራም ብረት የተሠሩ በመሆናቸው ቅርጻቸውን ይዘው ቆሙ፤ ዓሣውም ወደደላቸው። ቆይተው የተላኩት የማይዝግ ብረት ፉርጎዎች ግን ከላይ ሲያዩአቸው የሚያብረቀርቁና የበለጠ የሚዘልቁ ቢመስሉም፣ ገላቸው ስስ ስለነበረ በ2008 በኒው ጀርሲ ውኃ ውስጥ በጥቂት ወራት ፈራረሱ። ባሕር ማማር አይገባውም፤ የሚጠይቀው ክብደትና ጽናት ነው።

በ2002 በኪ ላርጎ አጠገብ እንዲሰጥም የተዘጋጀው ስፒገል ግሮቭ የተባለ የጦር መርከብም ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ከታሰበለት ሰዓት ቀድሞ ሰጠመ፤ ያውም ተገልብጦ። በብዙ ገንዘብ በጎኑ ቢያስተኙትም ቀጥ ብሎ ሊቆም አልቻለም። በሐምሌ 2005 ዴኒስ የተባለ አውሎ ነፋስ መጥቶ፣ መሐንዲሶች ያቃታቸውን፣ 155 ሜትር የሚረዝመውን መርከብ ቀና አድርጎ አቆመው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ያስፈራኛል። እንዲህ ያለ ጉልበት ባለበት ወለል ላይ ነው ‹ይጸናል› ብለን ነገር የምናስቀምጠው።

ከሁሉ የሚገዝፈው ኦሪስካኒ ነው። 270 ሜትር የሚያልፍ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሲሆን በሜይ 2006 ከፔንሳኮላ ዳርቻ ርቆ ሰጠመ። ከመስጠሙ በፊት ዘይቱን፣ ቀለሙንና ሌላውን ጎጂ ነገር ለማራገፍና ለሌላውም ዝግጅት ሁሉ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል፤ ያም ሆኖ በኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛዎቹ ውስጥ የነበረው ‹ፒሲቢ› የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። ያረጀ ነገርን ለዓሣ የሚመች ማድረግ ርካሽ አይደለም ማለት ነው። ርካሽ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ሳይጸዳ መቅረቱን መጠርጠር ይበጃል።

የነዳጅ ኩባንያዎችም በዚህ ሠርግ ተጋባዥ ናቸው። አሜሪካ በ1984 ባወጣችው ሕግ ተመርኩዘው፣ በ1986 ሉዊዚያና፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቴክሳስ፣ ሥራቸውን የጨረሱ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ሪፍ ሆነው እንዲቀሩ ፈቀዱ። እስካሁን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ500 በላይ መድረኮች እንዲህ ተደርገዋል። ኩባንያው መድረኩን ነቅሎ ወደ የብስ ለማጓጓዝ ያወጣው ከነበረው ወጪ ይተርፈዋል፤ ካተረፈውም ግማሹን ለግዛቱ የሪፍ ፕሮግራም ይሰጣል። ውሉ ብልህ ነው፤ አልክደውም። ዳሩ ግን ግማሹን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ‹‹ለዓሣው ብዬ ነው›› ሲል የሰማ የባንክ ሠራተኛ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ለዓሣው ብሎ የሚሠራ ሰው ምን ይሠራል? በአሜሪካ በ1993 የተጀመረው ‹ሪፍ ቦል› የሚባለው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጎጆ ጣሪያ የሚመስል፣ ውስጡ ባዶ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ የኮንክሪት ጉልላት ነው። ክብደቱ ወደ ታች ያደላል፤ ስለዚህ ሞገድ በቀላሉ አይገለብጠውም። ቀዳዳዎቹ ልክ ልካቸው ይለያያል፤ ትንሹ የሚገባበት ትልቁን አያስገባም። ገጹ ሆን ተብሎ ሻካራ ይደረጋል፤ እጩ የሚይዘው እንዲያገኝ። ሲሚንቶ አዲስ ሲሆን እንደ ኖራ የሚፋጅ ጠባይ ስላለው፣ ያንን የሚያበርድ ነገር ከቡኮው ይቀላቀልበታል። የት እንደሚቀመጥም ይታሰባል፤ ወለሉ ጭቃ ከሆነ ይሰምጣል፤ ከተፈጥሮ ኮራል አጠገብ ከሆነ ሊጎዳው ይችላል፤ ውኃው ጥልቀት ከሌለው መርከብ ይሰናከልበታል። እያንዳንዱ ውሳኔ የሚጀምረው ከሚኖርበት እንስሳ ነው።

በሜክሲኮ፣ በካንኩን ውኃ ውስጥ፣ ከ2009 ጀምሮ እንግሊዛዊው ቀራጺ ጄሰን ዲኬይረስ ቴይለር ለዚሁ ተብሎ ከተቀመመ ሲሚንቶ የሠራቸው በመቶ የሚቆጠሩ የሰው ምስሎች ቆመዋል። አንዱ ዓላማቸው ጠላቂ ጎብኚዎችን ወደ ራሳቸው ስበው የተፈጥሮውን ኮራል ከእግርና ከእጅ ብዛት ማሳረፍ ነው። ከምስሎቹ መካከል ‹ባንከሮቹ› የሚባሉ አሉ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ተንበርክከው ጭንቅላታቸውን ከአሸዋ ውስጥ ቀብረዋል። ፎቶግራፋቸውን ሳየው ስቄ ሳበቃ ትንሽ ዝም አልኩ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚያደርሰኝም ይኸው ሙያዬ ነው።

አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አዲስ ሠፈር ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ወራት ተቀማጩ ያድጋል። ሥራ አስኪያጁ ይመሰገናል፤ ሪፖርቱ ያምራል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ደንበኛ ‹‹ከዚያኛው ቅርንጫፍ አዛውሬ ነው፤ ይኼኛው ለቤቴ ይቀርበኛል›› ይላል። ሌላውም እንዲሁ። በዓመቱ መጨረሻ የሁሉም ቅርንጫፍ ሒሳብ ሲደመር፣ አዲሱ ያገኘው ጎረቤቶቹ ያጡት ሆኖ ይገኛል። ገንዘቡ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወለደም። ቁጠባ ማደጉን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም መደመር አለበት።

በዓሣም እንደዚሁ ነው። ጠላቂዎች ከአዲስ ሪፍ ወርደው ዓሣ ይቆጥራሉ፤ ትናንት አሸዋ በነበረበት ዛሬ በመቶ የሚቆጠር ያገኛሉ፤ ‹‹ዓሣው ጨመረ!›› ይባላል። ግን ከየት መጣ? በ1989 ጄምስ ቦንሳክ የተባለ የዓሣ ተመራማሪ ይህንኑ በግልጽ ጠየቀ፤ በሪፍ ላይ ዓሣ የሚበዛው ቀድሞ መኖሪያ አጥቶ ስለነበረ ነው ወይስ እንዲህ ያለ ቦታ ስለሚወድ ብቻ? የመጀመሪያው ከሆነ ሪፉ አዲስ ሕይወት ጨምሯል። ሁለተኛው ከሆነ ግን በሰፊ ባሕር ተበትኖ ለማጥመድ አስቸጋሪ የነበረውን ዓሣ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ለአጥማጁ አስረክቧል። ያኔ ሪፉ የሚጨምረው ዓሣውን አይደለም፤ ዓሣው የሚያልቅበትን ፍጥነት ነው።

መልሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ቦታው ይለያያል። ለእውነት ስል ከሐሳቤ የሚቃረነውንም ልጥቀስ። በ2014 የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ያሉ የነዳጅ መድረኮች በዓለም ከተለኩ የባሕር መኖሪያዎች ሁሉ ዓሣ በብዛት ከሚያፈሩት መካከል መሆናቸውን አሳይቷል። ከወለል እስከ ውኃው ገጽ የሚደርሰው ቁመታቸው ለትንንሾቹ ዓሣዎች ብዙ ማረፊያ ይሰጣል። ስለዚህ ‹‹ሰው የሠራው ነገር ከቶ አይወልድም›› የሚል ሰው ይሳሳታል። እኔም አልልም። የምለው፣ ሳይቆጠር ‹ወልዷል› አይባል ነው።

የአላባማን ታሪክ እንመልከት። ይህች ግዛት ያላት የባሕር ዳርቻ አጭር ነው፤ ወለሉም በአብዛኛው አሸዋና ጭቃ ነው። በ1953 አጥማጆች 250 ያረጁ የመኪና አካላትን ካሰጠሙ ወዲህ፣ በአሜሪካ ከሚታወቁት ታላላቅ የሰው ሠራሽ ሪፍ ሥራዎች አንዱ እዚያ ተስፋፋ። ቀይ ስናፐር የሚባለው ዓሣ በእነዚህ ሪፎች ላይ እንደሚበዛ ሁሉም ይመሰክራል። ሆኖም ሪፉ በዝቶ ሳለ በባሕረ ሰላጤው ያለው የቀይ ስናፐር ብዛት ለብዙ ዓመታት ከመጠን በላይ በመጠመዱ ተጎድቶ ነበር። ማገገም የታየው ዓሣው የሚወጣበት መጠን ጠበቅ ሲደረግ ነው፤ ለንግድ የሚያጠምዱት እያንዳንዳቸው ድርሻቸው ተቆርጦ የተሰጣቸው በ2007 ነበር። ቋንቋው የኔ ሙያ ቋንቋ ነው፤ ሒሳቡን ያዳነው የመስኮት መብዛት አይደለም፤ የወጪው ልክ መወሰኑ ነው።

እንግዲህ ሪፍን ቤት የሚያደርገው ብረቱ ወይም ሲሚንቶው ብቻ አይደለም፤ ደጁ ላይ የተጻፈው ሕግ ነው። ማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ የፈለገውን ያህል የሚያወጣበት ሪፍ፣ በእህል የተሞላ ወጥመድ ነው። ወፉ ጥሬውን ሲለቅም ‹ተመገበ› ይባላል ወይስ ‹ተያዘ›?

ለዚህ ነው ከሁሉ አብልጬ የማደንቃቸው ሪፎች ዓሣ ለመስጠት ሳይሆን መረብ ለመከልከል የተሠሩት ናቸው። በጣሊያን፣ በቶስካና ዳርቻ፣ ታላሞኔ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ፓኦሎ ፋንቹሊ የተባለ ዓሣ አጥማጅ አለ። የባሕሩን ወለል በሌሊት በሕገ ወጥ መንገድ እየጠረጉ የሚጎተቱ ከባድ መረቦች የባሕር ሣሩን ሲነቅሉበት፣ ሚኬላንጄሎ እብነ በረድ ይመርጥባት ከነበረችው ከካራራ የተገኘ እብነ በረድ ቀራጺያን ቀርጸውት ከወለሉ እንዲቀመጥ አደረገ። መረቡ ሲመጣ ይይዘዋል፤ ይቀደዳል። ሐውልቱ በአንድ በኩል ጥበብ፣ በሌላ በኩል ዘበኛ ነው። በካምቦዲያም ትንንሽ አጥማጆች በሚኖሩበት በኬፕ ዳርቻ ለተመሳሳይ ዓላማ የኮንክሪት ብሎኮች ተጥለዋል። እነዚህ ሪፎች ለዓሣው ከሰጡት ጎጆ ይልቅ ከደጁ ያራቁለት ሌባ ይበልጣል።

አንድ አንባቢ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ ‹‹አንተ ከባሕር ሩቅ ተቀምጠህ ስለ ዓሣ ትራራለህ። በማለዳ ታንኳውን ገፍቶ የሚወጣው ድኻስ? ሪፉ ዓሣውን አቅርቦለት ልጆቹን ካበላ፣ ተወለደ ተሰበሰበ ብሎ መከራከር የጠገበ ሰው ወግ አይደለም?›› ክርክሩ ይከብደኛል፤ አልሸሸውም። መልሴ ግን ከኬረላ አጥማጆች ዘንድ ነው። እነርሱ ድንጋዩን የጫኑት በገዛ ገንዘባቸውና በገዛ ጀርባቸው ነው፤ ሪፋቸው ለመረብ ጎታቹ መርከብ መሰናክል፣ ለመንጠቆ አጥማጁ ግን እርሻ እንዲሆን ነው። ድኻው አጥማጅ የሚጎዳው ልክ ሲበጅ አይደለም፤ ልክ ሳይበጅ ሲቀር ነው። ምክንያቱም ልክ በሌለበት ባሕር ቀድሞ የሚደርሰውና አብዝቶ የሚጭነው ትልቅ ሞተር ያለው ነው። ካርታ ላይ ምልክት የተደረገበትን ሪፍ ከታንኳው በፊት መርከቡ ያገኘዋል።

ሌላም የማልደብቀው ነገር አለ። ሪፍ ሠርተን ከሌላው ኃላፊነት የተገላገልን እንዳይመስለን እፈራለሁ። በኤፕሪል 2024 ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አወጁ፤ ከ2023 ጀምሮ በነበረው የባሕር ሙቀት ከዓለም የኮራል አለቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለሚያነጣ ሙቀት ተጋልጠዋል። ውኃው ሲሞቅ ኮራል በውስጡ የሚኖረውንና የሚመግበውን ጥቃቅን አልጌ ያስወጣል፤ ቀለሙ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከጸናም ይሞታል። ኮንክሪት ውኃ አያቀዘቅዝም። የምናስቀምጠው ጉልላት የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚያርፍበት እጭ ከሞተ ባዶ ድንጋይ ነው። ጎረቤቱን ቤት እያቃጠለ ድንኳን የሚሰጥ ሰው፣ ድንኳኑ ምንም ጥሩ ቢሆን፣ መጀመሪያ እሳቱን ያጥፋ ይባላል።

እንግዲህ ሐሳቤን ልጠቅልል። ሪፍ እንዲሠራ የሚጠይቅ ሁሉ ከፈቃዱ በፊት ለአራት ነገሮች መልስ ይስጥ እላለሁ። የሚያሰጥመው ነገር ለቦታው የተመረጠ ነው ወይስ ከግቢው የተረፈ? ማዕበል ሲመጣ ከቦታው ይነቃነቃል? ዓሣው የሚቆጠረው ሪፉ ላይ ብቻ ነው ወይስ በዙሪያውም? ከሪፉ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ያወጣል? አራተኛውን ያልመለሰ ሰው ሦስቱን በሚገባ ቢመልስ እንኳ ‹ይቆይ› ይባል። ይህን ማለት ጭካኔ አይደለም። እኛስ ያለ መያዣና ያለ መክፈያ ጊዜ ብድር እንሰጣለን?

እነዚያ አባት በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ያነበብኩትን አጫወትኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ገንዘባቸውን ከኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ትንሽ ቆም ብለው፣ ‹‹ለካ የኛዎቹን መርከቦች ያተረፋቸው ጦርነቱ ነው›› አሉ። ግራ ገብቶኝ ዝም ብዬ አየኋቸው። ‹‹በጦርነቱ ጊዜ ማን ወጥቶ ያጠምዳል፣ ልጄ? ዓሣው ብቻውን ነዋ የከረመው›› ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ሰው እስኪዋጋ ድረስ ዓሣ የማያርፍ ከሆነ እንዴት ያሳዝናል! ሰላም ሳለን፣ አስበንበት፣ እጃችንን መሰብሰብ እንችል ይሆን? የዚያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ከሒሳብ መዝገብ ይልቅ ሌላ ደብተር ገልጬ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍኩ። የግጥም ዐዋቂ አይደለሁም፤ ጥያቄው ግን የኔ ብቻ እንዳልሆነ ስላመንኩ እዚህ አኖራቸዋለሁ።

ጎጆ ቀለስኩለት ካሸዋው መካከል፣
ዓሣው መጣ ሞላ ቤት አገኘሁ ሲል፤
መረቤን ይዤ ግን ቆሜአለሁ ደጁ፣
ወዳጁ ነኝ እኔ? ወይስ ነኝ አራጁ?